ላጤ ቤትም ደህና ድስት ይገባዋል

በአገራችን የተሟላ ማዕድ ቤት የሚታሰበው ለባለትዳር ነው። ሠርግ ሲቃረብ ዘመድና ጓደኛ ተከፋፍሎ ድስቱን፣ ሰሃኑን፣ ምጣዱን፣ የቡና ዕቃውን ያሟላል። ከዚያ በፊት ያለው ዕድሜ ግን፣ አምስት ዓመትም ይፍጅ ዐሥራ አምስት፣ ጎኑ በተጨረማመተ አንድ ድስትና በሁለት ማንኪያ የሚታለፍ የመጠበቂያ ጊዜ ሆኖ ይቆጠራል። ላጤው ፍራሽ ይገዛል፣ ቴሌቪዥን ይገዛል፤ ድስት ሲባል «ስታገባ ይደርሳል» ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ብቻውን የሚኖር ሰውም በየቀኑ ይርበዋል፣ እንግዳ ይመጣበታል፣ ይታመማል፣ ይጾማል፣ ይፈስካል። ደህና ድስት ይገባዋል።

የፊዚክስ መምህር ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ሲሆን አሁን የምኖረው አዲስ አበባ፣ ጀሞ፣ የኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ተከራይቼ ነው። ማዕድ ቤቴ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ጠባብ ቦታ ነው፤ አንድ የዕቃ ማጠቢያ፣ አንድ ሶኬት፣ ወደ ጓሮ የምትከፈት አንዲት መስኮት አለችው። በልጅነቴ በሠፈራችን ወንድ ልጅ ጓዳ መግባቱ ያሳፍር ነበር። እኛ ቤት ግን ሴት ልጅ ስላልነበረች ነጭ ሽንኩርት መላጡም፣ በርበሬ መቀንጠሱም፣ ምስር መልቀሙም የእኔና የታናሽ ወንድሜ ሥራ ነበር። እናቴ ይህን ስታሠራን አንድም ቀን ይቅርታ የሚጠይቅ ፊት አሳይታን አታውቅም። ለዚህ አሳዳጊነቷ ዛሬ ከልቤ አመሰግናታለሁ።

በምግብ ቤት መኖር ለመምህር ደመወዝ የሚቻል አይደለም። በየዓመቱ አዲስ የሚቀጠሩ ወጣት ባልደረቦች፣ አንዳንዴም ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው ሥራ የያዙ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ቤት እንደተከራዩ «ጋሼ፣ ከምን ልጀምር?» ብለው ይጠይቁኛል። ለእነሱ የምለውን ነው እዚህ የምጽፈው። ዋጋ አልጠቅስም፤ ዛሬ የጻፍኩት በሚቀጥለው ወር ስለሚለወጥ ከሚጠቅም ይልቅ ያሳስታል።

ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት በሳምንት ውስጥ ምን ምን እንደምትበሉ በወረቀት ላይ ጻፉ። የእኔ ሳምንት ይህን ይመስላል፦ ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ድንች በካሮት፣ ጎመን፣ ፓስታ፣ ቁርስ ላይ እንቁላል ወይም ፍርፍር፤ ደመወዝ በገባ ሰሞን ደግሞ ጥብስ። ዝርዝሩን ስታዩት አብዛኛው በአንድ ዓይነት መንገድ እንደሚጀምር ትረዳላችሁ፤ ሽንኩርት ተከትፎ ድስት ውስጥ ይገባል፣ ይቁላላል። የሐበሻ ወጥ መሠረቱ ቁሌቱ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ገንዘብ የሚወጣበት ዕቃ ሽንኩርት ሳያሳርር የሚያቁላላ ድስት ነው። ሌላው ሁሉ ሊዘገይ ይችላል።

ሽንኩርቱን የሚያሳርረው ብዙ ጊዜ ሰውየው ሳይሆን ድስቱ ነው። ስስ የማይዝግ ብረት ድስት ያብለጨልጫል፣ ለመታጠብም ይመቻል፤ ነገር ግን የማይዝግ ብረት ሙቀትን የሚያስተላልፍበት አቅም ከአሉሚኒየም ከዐሥር እጥፍ በላይ ያንሳል። የምድጃው ሽቦ በተጠመዘዘበት መስመር ላይ ያለው የድስቱ ክፍል ይጋያል፣ ከሽቦው ራቅ ያለው ገና ለብ ያለ ነው። ሽንኩርታችሁ ክብ ክብ ሆኖ ያረረው ለዚህ ነው። ቂጡ ወፍራም ሲሆን ግን ሙቀቱ ወደ ሽንኩርቱ ከመድረሱ በፊት በድስቱ ውስጥ ወደ ጎን ይሰራጫል። የማይዝግ ብረት የምትወዱ ከሆነ ከሥሩ ተጨማሪ ወፍራም ሳህን የተደረበበትን ፈልጉ፤ ድስቱን ገልብጣችሁ ስታዩት የተደረበው ክፍል እንደ ጠርዝ ወጣ ብሎ ይታያል።

የእኔን ድስት የገዛሁት መርካቶ ነው። የሸጡልኝ እናት ሱቃቸው በር ላይ በርጩማ ይዘው ተቀምጠው ነበር። በመጀመሪያ ስድስት ድስት አንዱ በአንዱ ውስጥ የተደራረበ ስብስብ አወጡልኝ።

«ብቻዬን ነው የምኖረው፣ እናቴ። አንድ ደህና ድስት ነው የምፈልገው» አልኳቸው።

«ለብቻህ ከሆነ ታዲያ ምን አስጨነቀህ ልጄ? ያችን ስሷን ውሰዳት።»

«እርስዎ ቤትዎ ወጥ የሚሠሩት በእሷ ነው?»

ትንሽ ዝም ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ተነሥተው ከኋላ፣ ከመደርደሪያው ታች፣ ሌላ ድስት ይዘው መጡ። ቂጡን በጣታቸው ቋ ቋ አድርገው አንኳኩልኝ። ስሱ ሲመታ እንደ ቃጭል ይጮኻል፤ ይኼኛው ድፍን ድምፅ ነው ያለው። ክዳኑን ገጥመው ድስቱን ወዘወዙት፤ ክዳኑ አልተንቀጫቀጨም። ጆሮዎቹ የተያያዙባቸውን ብሎኖች አንድ በአንድ አሳዩኝ። ከዚያ ጠፍጣፋ ወለል ላይ አስቀምጠው በመዳፋቸው ጫን አሉት፤ ቂጡ ካልተስተካከለ ይወዛወዛል፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ደግሞ የሚወዛወዝ ድስት የሽቦውን ሙቀት በደንብ አይቀበልም። ከዚያ ወዲህ ድስት ልገዛ የሚሄድ ወዳጅ ሁሉ በዚሁ መንገድ እንዲመርጥ እነግረዋለሁ፤ አንኳኩ፣ ክዳኑን ግጠሙና ወዝውዙ፣ ጆሮውን ጎትቱ፣ ወለል ላይ ጫን በሉት። ሻጩ ቢቆጣም ግድ የለም።

መጠኑ ሦስት ሊትር ገደማ ይበቃል። ለአንድ ሰው ይህ ትልቅ ይመስላል፤ ቁሌት ግን የሁለት ሦስት ቀን በአንድ ጊዜ መሥራት ያዋጣል። አንድ ኪሎ ሽንኩርት ተከትፎ ሲገባ ብዙ ቦታ ይይዛል፤ ሲበስል ግን ከሲሶ በታች ይወርዳል። ያለ ዘይት፣ በመካከለኛ እሳት ይጀመራል። መጀመሪያ ሽንኩርቱ የራሱን ውሃ እየተፋ ይንሾሾታል። ውሃው ሲያልቅ ድምፁ ይለወጣል፤ መንሾሾቱ ቆሞ ደረቅ፣ ቁርጥ ቁርጥ ያለ መንጫጫት ይጀምራል። ዘይት የሚገባበት ሰዓት ይኼ ነው። እናቴ ጀርባዋን ለምድጃው ሰጥታ ቡና እየቆላች እንኳ «ዘይቱን ጨምር» የምትለኝ በዚህ ድምፅ ነበር። በስስ ድስት ይህን ድምፅ አትሰሙትም፤ ሽንኩርቱ ውሃውን ሳይጨርስ ዳር ዳሩ ቀድሞ ያራል።

በመርካቶው ምን አለሽ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ፣ ከልዩ ልዩ ቁርጥራጭ ብረታ ብረት ቀልጠው በእጅ የሚሠሩ የአሉሚኒየም ድስቶች አሉ። ወፍራም ናቸው፣ ዋጋቸውም ከባድ አይደለም፤ ለሠሪዎቹ ብልሃትና ትጋትም ትልቅ አክብሮት አለኝ። ነገር ግን ካሜሩንን ጨምሮ በተለያዩ አገሮች በተደረጉ ምርመራዎች በእንዲህ ዓይነት ድስቶች ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ተገኝቷል፤ ቁርጥራጩ ከምን እንደመጣ ስለማይታወቅ ነው። እርሳስ በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፣ ሕፃናትን ደግሞ አብልጦ ይጎዳል። ስለዚህ እኔ ከዚያ መንደር የምገዛው ምግብ የማይበስልበትን ነው፤ የከሰል ምድጃ፣ የዕቃ መደርደሪያ፣ መቆስቆሻ። የቲማቲም ስልስን የመሰለ ኮምጣጣ ነገር በእንዲህ ያለ ድስት ሠርቶ ማሳደርማ ፈጽሞ አልመክርም።

ሁለተኛ ድስት ያስፈልጋል፤ አነስ ያለ፣ አንድ ሊትር ተኩል የሚይዝ። እንቁላል የሚቀቀልበት፣ ሻይ የሚፈላበት፣ ለአንድ ሰው ሽሮ የሚሠራበት እሱ ነው። እኔ ጿሚ ነኝ፤ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ትልቁን ድስት ለጾም ምግብ ለይቼዋለሁ፣ ቅቤና ሥጋ የሚነካው ሌላ ነው። አጥቦ መጠቀም የሚበቃው አለ፣ በእምነቱ ይህ የማይመለከተውም አለ፤ የምትለዩ ከሆነ ግን ዕቃ ስትገዙ ከመጀመሪያው አስቡበት። ቅቤ የለመደ የእንጨት ማማሰያ ታጥቦም ሽታውን አይለቅምና ማማሰያም ሁለት መሆን አለበት።

የሸክላ ድስት ከሌለ ሽሮ ምሉዕ አይሆንም ብዬ አምናለሁ። ሸክላ ሙቀትን ቀስ ብሎ ይቀበላል፣ ቀስ ብሎም ይለቃል፤ ከምድጃው ወርዶ ገበታ ላይ ከተቀመጠ በኋላም ሽሮው ቡክ ቡክ ማለቱን የሚቀጥለው ለዚህ ነው። የእኔን የገዛሁት ከቀጨኔ ነው፤ የሠፈሩ ሸክላ ሠሪ እናቶች ጭቃውን በእጃቸው አቡክተው፣ ቅርጽ አውጥተው፣ አለስልሰው፣ ተኩሰው የሚሸጡት ነው። እነዚህ ሴቶች ለብዙ ትውልድ በሙያቸው ሲናቁ የኖሩ ናቸው፤ የናቃቸው ሕዝብ ግን ቡናውንም እንጀራውንም ያለ እነሱ እጅ አልቀመሰም። ስትገዙ ዋጋ አታስለቅሷቸው። አዲስ ሸክላ ሳይሟሽ እሳት ላይ አይጣድም። እኔ የማሟሸው እናቴ እንዳሳየችኝ ነው፦ ታጥቦ በደንብ ከደረቀ በኋላ ውስጡ ዘይት ይቀባል፣ በጣም ዝቅተኛ እሳት ላይ ይቆያል፣ ቀዝቅዞ እንደገና ይቀባል። ከዚያ በኋላም ቢሆን ባዶውን በጋለ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ማስቀመጥ አይገባም፤ ሽቦው የነካው ክፍል ሲሰፋ ያልነካው ባለበት ይቀራል፣ ድስቱም ይሰነጠቃል። ምድጃውና ድስቱ አብረው ከቀዝቃዛ ይጀምሩ።

ስለ ምድጃ ስናወራ የኤሌክትሪኩ ይቀድማል። ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት ዓይን ይሸጣል። ሁለት ዓይን ይሻላል፤ አንዱ ላይ ወጥ ሲበስል ሌላው ላይ ውሃ ይፈላል። 1,500 ዋት የሚስብ አንድ ዓይን በእኛ 220 ቮልት ወደ ሰባት አምፔር ይወስዳል። ሁለቱም ዓይን ከበራ በእጥፍ ነው። ለዚህ ነው ምድጃ በዲቫይደር ላይ፣ በተለይ በቀጭኑና በርካሹ ላይ፣ መሰካት የሌለበት። ሽቦው ሲሞቅ በእጃችሁ ከተሰማችሁ ወዲያው ንቀሉት። ከግድግዳው ሶኬት ቀጥታ ይሰካ፣ በዚያው ሶኬት ሌላ ነገር አይጨመርበት።

መብራት ይጠፋል። በጠፋ ቁጥር ዳቦ በሻይ እንዳንበላ ሁለተኛ እሳት ያስፈልጋል። አቅም ላለው ቡታጋዝ መልካም ነው፤ ሲሊንደሩን ስትቀይሩ መገጣጠሚያውንና ጎማውን በሳሙና አረፋ ቀቡት፣ አረፋው ከተነፋ ጋዙ ያፈስሳል ማለት ነው። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው አይቻለሁ፤ እባካችሁ አታድርጉት። እኔ እስከ አሁን የያዝኩት የከሰል ምድጃ ነው፣ ውስጡ ሸክላ የሆነውን፤ ሸክላው ሙቀቱን ወደ ጎን እንዳይባክን ስለሚይዝ ከተራው ቆርቆሮ ምድጃ ባነሰ ከሰል ይሠራል። እዚህ ላይ ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ ልናገር። ከሰል በረንዳ ላይ ወይም በር ተከፍቶ ብቻ ይቀጣጠል፤ የቀላ ፍም ጭስ የለውም ተብሎም ቤት ውስጥ አይደር። ከፍሙ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ አይታይም፣ አይሸትም። ክረምት በገባ ቁጥር ብርዱን ለማባረር ከሰል ይዘው በር ዘግተው ተኝተው በዚያው ያሸለቡ ሰዎችን ዜና እንሰማለን። ብዙዎቹ እንደ እኔዋ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚኖሩ ናቸው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እሳቱን ብታበዙት ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ አይሞቅም። በፓስታ ማሸጊያ ላይ የተጻፈው ደቂቃ እዚህ የማይሠራው ለዚህ ነው፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጨምሩ። ሽምብራ፣ ባቄላና ቦሎቄ ከሆነ ግን የሚጨመረው ደቂቃ ሳይሆን ሰዓት ነው፣ ሌሊቱን ተነክሮ ያደረ ካልሆነ። ይህን የሚፈታው ፕሬዠር ኩከር ነው። እንፋሎቱን አፍኖ ስለሚይዝ ውስጡ ያለው ውሃ ከ110 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ከዘመናዊ ዕቃዎች ሁሉ ለደጋ ሰው የተሠራ የሚመስለኝ ይህ ነው፤ በመጀመሪያው ወር ግን አትግዙት፣ ከድስቶቹ በኋላ ይምጣ። ስትገዙ የክዳኑ ላስቲክ ለብቻው መለዋወጫ የሚገኝለት መሆኑን ጠይቁ፤ ላስቲኩ ሲደርቅ ድስቱ ተራ ድስት ይሆናል።

ቢላዋ አንድ ይበቃል። ምላጩ የመዳፍ ስፋት ያለው፣ ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ የዘለቀ ይሁን። የደነዘ ቢላዋ ሽንኩርቱን ስለሚጨፈልቀው ዓይን አብልጦ ያቃጥላል፣ ከሽንኩርቱም እየተንሸራተተ ጣት ይቆርጣል። ሞረድ ከሌላችሁ የሸክላ ሲኒ ገልብጡ፤ ከታች ያልተቀባው ሻካራ ጠርዝ ቢላዋ ያስላል። መክተፊያው የእንጨት ይሁን፤ የመስታወትና የድንጋይ መክተፊያ ስለቱን ያጠፋል። ማማሰያ፣ ጭልፋ፣ ወንፊት። ሙቀጫ ከነዘነዘናው፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ከጨው ጋር ተወቅጦ የሚሰጠው ጣዕም በቢላዋ ከተከተፈው ጋር አንድ አይደለም። ፎቅ ላይ የምትኖሩ ከሆነ ሙቀጫው ሥር የታጠፈ ጨርቅ አድርጉ፤ ከታች ያሉት ጎረቤቶች ያመሰግኗችኋል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁለት፣ ባልዲ አንድ፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ እነዚህ ከድስት እኩል የማዕድ ቤት ዕቃ ናቸው።

አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ፤ ወደ ጓዳው። ዕቃ ሁሉ ተሟልቶ በርበሬው ደህና ካልሆነ ወጡ ወጥ አይሆንም። የእኔ በርበሬ በዓመት አንድ ጊዜ ከደብረ ማርቆስ ይመጣል። እናቴ ዛላውን ራሷ መርጣ ትገዛለች፣ ትቀነጥሳለች፣ ታጥባ ታሰጣለች፤ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ በሶብላውንና ጤና አዳሙን ከበርበሬው ጋር ደልዛ እንደገና ታሰጣለች፤ ኮረሪማው፣ ነጭ አዝሙዱ፣ ድንብላሉ በየራሱ ታምሶ ይገባል፣ ከዚያ ወፍጮ ቤት። ወፍጮ ቤት ስትሄድ ለሰው አታምንም፤ ጠርሙሱ ውስጥ እስኪገባ አብራው ትቆማለች። ሲደርሰኝ የክዳኑን ፕላስቲክ ከመፍታቴ በፊት ሽታው ደረጃው ላይ ይቀድመኛል።

ከቤተሰብ የሚመጣለት የሌለው ሰው ተዘጋጅቶ የተፈጨ በርበሬ ከማያውቀው ሻጭ ባይገዛ እመርጣለሁ። በርበሬ ከጡብ ዱቄትና ከሌላ ባዕድ ነገር ጋር ተቀላቅሎ መሸጡ በዜና የተደጋገመ ጉዳይ ነው። ለሁለትና ለሦስት ሆናችሁ ዛላ ግዙ፤ የማረቆ በርበሬ ስሙ ያለምክንያት አልገነነም። ቀንጥሳችሁ፣ የምታውቋትን እናት ቅመሙን አስመጥናችሁ፣ ራሳችሁ አስፈጩ። የዓመት በርበሬ ከጥቂት ቀን በላይ አይፈጅም፣ ለማድረቅ ፀሐይ ካለ። በመስታወት ዕቃ፣ ከብርሃንና ከእርጥበት ርቆ ይቀመጥ። ማንኪያው ደረቅ ይሁን፤ እርጥብ ማንኪያ የገባበት በርበሬ ይሻግታል።

ንጥር ቅቤም እንዲሁ። ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው ቅቤ መያዝ አይችልም የሚሉ አሉ፤ እንዲያውም ቅቤ የሚነጠረው ለዚህ ነው። ሲነጠር ውሃው ይተናል፣ የወተቱ ዝቃጭ ወደ ታች ይወርዳል፣ በላይ የሚቀረው ንጹሕ ቅባት ለወራት አይበላሽም። ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ አብሽ፣ እርድ ጨምራችሁ በዝግታ አንጥሩት፤ ሲጠልል ዝቃጩ እንዳይከተለው ተጠንቀቁ። ከበርበሬና ከቅቤ ቀጥሎ ሽሮ፣ ምስር ክክ፣ ጨው፣ ዘይት፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት። ይህ ካለ ማታ ስንት ሰዓት ብትገቡ ራት አለ። ቀይ ሽንኩርት በፌስታል ታስሮ አይቀመጥ፤ ነፋስ በሚያገኘው ዘንቢል ውስጥ፣ ከድንች ተለይቶ ይሁን።

የማያስፈልገውን ደግሞ በአጭሩ ልበል። ባለ ስድስት ድስት ስብስብ አያስፈልግም፤ ከስድስቱ አራቱ አቧራ ይጠጣሉ። የማያጣብቅ መጥበሻ አንድ ለእንቁላል ይበቃል፤ እሱም ሽፋኑ መላጥ ሲጀምር ይወገድ፣ በብረት ማንኪያም አይነካ። ሽንኩርት መክተፊያ መሣሪያ፣ እንቁላል መቁረጫ፣ ባለ ብዙ ምላጭ መላጫ፣ ይህ ሁሉ ቢላዋ ለሚይዝ እጅ ትርፍ ነው።

ሰሃን ግን አታሳንሱ። «ብቻዬን ነኝ» ብሎ አንድ ሰሃንና አንድ ብርጭቆ የሚገዛ ሰው ያሳዝነኛል። ሰው በእኛ ዘንድ አብሮ ነው የሚበላው። ስለዚህ ለአራት ሰው የሚሆን ትሪ፣ አራት ብርጭቆ፣ የእጅ ማስታጠቢያ፣ እና ጀበና ከስድስት ሲኒ ጋር ያዙ። ስድስት ሲኒ ለላጤ ይበዛል ያላችሁ ቡና ያፈላችሁበት ቀን ታዩታላችሁ፤ በራችን ተከፍቶ ቡናው ሲቆላ ከፎቅ በላይም ከፎቅ በታችም ሰው ይመጣል። ወንድ ልጅ ቡና ሲያፈላ ለማየት የመጡም ነበሩ፤ አሁን ለቡናው ነው የሚመጡት። ሲያስፈልገኝ ጨው፣ ሊጥ፣ ክብሪት የማገኘው ከእነሱ ነው፣ ታምሜ አጥሚት ይዘውልኝ የወጡትም እነሱ ናቸው።

እኔ ጋ የሚቀረው ምጣድ ነው። እስከ አሁን እንጀራ የምገዛው ከምድር ቤት ካሉ ጎረቤቴ ነው፤ በግቢው የጋራ ማዕድ ቤት ይጋግራሉ፣ ዓይኑ የበዛ፣ እርሾው ልክ የሆነ እንጀራ ነው። ነገር ግን ራሴ መጋገር እፈልጋለሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ወደ 3,500 ዋት ይስባል፤ ይህ 16 አምፔር ነው፣ ከምድጃው ጋር በአንድ መስመር አብሮ የሚሄድ አይደለም። የራሱ ወፍራም ሽቦና የራሱ ማቋረጫ ያስፈልገዋል። አከራዬን አስፈቅጃለሁ፤ ወጪው የእኔ እስከሆነ ድረስ ግድግዳው እንዲነካ ፈቅደዋል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ቆጣሪውን አይቶ መስመሩን ከመስኮቱ በታች ማሳለፍ እንደሚቻል ነግሮኛል። አክንባሎውንና ሰፌዱን ከወዲሁ ገዝቻለሁ፣ ማሰሻ የሚሆን የጎመን ዘርም እናቴ ከበርበሬው ጋር ልካልኛለች። ጎረቤቴ ደግሞ እርሾ ሊሰጡኝ፣ የመጀመሪያውንም ሊጥ አብረን ልናቦካ ቃል ገብተውልኛል፤ አብሲቱን መጣል ግን «በዓይን ካላየኸው በቃል አይነገርም» ብለውኛልና እሱን ያሳዩኝን ያህል በሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።